ምዕራፍ ስድስት፦ በከፍታ የሚለካ መንገድ

ከወረታ እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ርቀት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ አገር ላይ ቢሆን ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ጉዞ ነበር። እዚህ ግን መኪናው ከ1,800 ሜትር ይነሳል፤ ደብረ ታቦር ሲደርስ 2,700 ሜትር ላይ ነው፤ የጉና ተራራን ትከሻ ታክኮ ነፋስ መውጫ ሲገባ ከ3,000 ሜትር አልፏል። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቆላዎች፣ ወደ በሽሎ ዳርቻ የሚወርድን ሰው ደግሞ ጠዋት ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ ላብ ያጠምቀዋል።

ስለዚህ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የሚሄድ ሰው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ቢያበቃ ጥያቄው ግማሽ ነው። ሞተሩ የሚደክመው፣ ፍሬኑ የሚግለው፣ ጭጋግ የሚወርደው፣ ወንዝ የሚሞላው ሁሉ ከፍታን ተከትሎ ነው። «ስንት ሜትር እወጣለሁ? ስንት ሜትር እወርዳለሁ? የምወርደውስ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የዝግጅቱን አብዛኛውን ሥራ ሠርቷል።

አገሩን ማወቅ

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በደቡብ ዓባይ፣ በምሥራቅ በሽሎ፣ በሰሜን የተከዜ ገባሮች ደጋውን ቆራርሰው ገደልና ሸለቆ አድርገውታል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራ ነው፤ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከዚህ መንገድ ወጥተው ወደ ቆላው የሚገቡት ግን ጠጠርና አፈር የሚበዛባቸው ናቸው። ክረምት ሲገባም ያው መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል።

ጉዞውን በከተማ ብቻ ሳይሆን በዳገትና በቁልቁለት ከፋፍለው ወረቀት ላይ ያስፍሩት። በእያንዳንዱ ክፍል ነዳጅ የት እንዳለ፣ ጎሚስታ የት እንደሚገኝ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የት እንደሆነ፣ ማደሪያ የት እንደሚቻል ይጻፉ። ነዳጅ የሚቀዳው ትልቅ ከተማ ላይ ነው። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ አገልግሎት ስለሚፈጸም ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ነዳጅ ያለው ማደያም ላይቀዳልዎ ይችላል። ዳገት ላይ መኪናው ከሜዳው ይልቅ ብዙ ነዳጅ እንደሚበላም አይርሱ፤ ባሕር ዳር ላይ የተሰላ ሒሳብ ጉና ላይ አይሠራም።

መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆን፣ መድረሻው ከቀኑ 10 ሰዓት ባያልፍ ጥሩ ነው። በመሃል ያለው ትርፍ ሰዓት ለጎማ፣ ለዝናብና ለተዘጋ መንገድ የተቀመጠ ነው። ያ ሰዓት ካለቀ ማደር እንጂ መሮጥ መፍትሔ አይደለም።

ዳገቱ ከሞተሩ የሚወስደው

3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሹፌሩ ይህን በጆሮው ሳይሰማው በፊት በመቅደም ላይ ያየዋል። ወረታ ዙሪያ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ሲኖትራክ ለመቅደም የበቃው ርቀት፣ ከክምር ድንጋይ በላይ ባለው ዳገት አይበቃም፤ መኪናው ተቃራኒውን መስመር ይዞ መሃል ላይ ይደክማል። ኩርባው የሚመጣውን ስለሚደብቅ፣ ጉና ዙሪያ ሙሉ በሙሉ የማይታይ ቦታ ላይ መቅደም ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ራዲያተር በክዳኑ ግፊት ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ የክዳኑ ጎማ ከላላ ግን ዳገቱ መሃል ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከመነሻው በፊት ክዳኑን፣ ቱቦዎቹንና ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል። ሞተር ሲግል ወደ ዳር ወጥቶ ማቆም፣ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ፣ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትን ያቃጥላል።

ቁልቁለት ላይ የሚጠፋ ፍሬን

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አምስት ቶን የሚመዝን የተጫነ ቅጥቅጥ አውቶቡስ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት፣ 20 ሊትር የሚይዙ ስምንት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ከወረደ ከፊሉን ሞተሩ ይይዘዋል፤ በፍሬን ብቻ ከወረደ ሁሉም ፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል።

የጋለ ሸራ መያዙን ያቆማል። ከባሰም ፍሬን ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ፍሬን ለመጥፋት ቧንቧ መበጠስ የለበትም፤ ሙቀት ብቻውን ይበቃል። ፍሬን ዘይት ዓመት ባለፈው ቁጥር እርጥበት ስለሚስብ፣ በሁለት ዓመት አንዴ መለወጡ ደጋ ለሚወጣ መኪና ግዴታ ነው። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ መኪናዎችም ከሙቀቱ አያመልጡም፤ እነሱ በተጨማሪ የአየር መጠናቸው እስኪሞላ ሳይጠብቁ መነሳት የለባቸውም።

ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ አናቱ ላይ ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ቢሞከር እምቢ ሊል ወይም መሃል ላይ ሊቀር ይችላል። የወጡበት ማርሽ ለመውረድም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጭነት ከበዛ ደግሞ ከዚያም አንድ ይቀነሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሞተሩ የሚይዘውን ድርሻ ሁሉ ለፍሬን ጥሎ መውረድ ነውና። ፍሬንን ያለማቋረጥ ከመርገጥም፣ ጫን አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ፣ ደግሞ ሲፈጥን እንደገና ጫን ማድረግ ይሻላል፤ በመሃሉ ሸራው ይተነፍሳል።

የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ ማቆም ነው። የጋለ ከበሮ ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል በአየር ይቀዝቅዝ። ፍሬን ጨርሶ ከጠፋ ግን ማርሹን ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ መሳብ፣ ክላክስና መብራት እየሰጡ መኪናውን ወደ ተራራው ጎን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ቦይ ውስጥ መግባትና አፈሩን እየታከኩ መቆም ቦዲ ይጎዳል፤ ገደሉ ግን ሰው ይጨርሳል።

ሴባስቶፖልን ያወረዱ ሰዎች

በዚህ አገር ከባድ ነገር ቁልቁል ማውረድ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ከከተማዋ አጠገብ ባለው ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ አስጎትተው ነበር። በጋይንት በኩል ጨጨሆን፣ ከዚያም ቤተ ሆርን አልፈው፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ብዙ አልቀረውም።

የዚያ ጉዞ ብልሃት ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። መንገዱ የሚቆረጠው መድፉ ከመድረሱ በፊት ነው። ድንጋይ በማንሳቱና አፈር በመዛቁ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሳተፉ ነበር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰዉ ከፊት የሚጎትት ብቻ ሳይሆን በጠፍር ከኋላ የሚይዝም ሆነ። ተከትሎ የመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ወደ ሸለቆዎቹ ሲወርድ ቴዎድሮስ ባስቆረጡት መንገድ ተጠቅሟል። ዛሬ ጠፍር ይዞ ከኋላ የሚያግደው ሠራዊት የለም፤ የእሱን ሥራ የሚሠራው የተቀነሰ ማርሽ ነው። መርሁ ግን አንድ ነው፤ ክብደት የሚያዘው መውረድ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመውረዱ በፊት ነው።

ጉና ላይ የዘነበ

ክረምት ላይ ከፍታ ሌላ ወጥመድ ያመጣል። ጉና ላይ የጣለ ዝናብ እታች ፀሐይ በሆነበት ቦታ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ወንዝ ዳር የቆመ ሹፌር ሰማዩን ቀና ብሎ ሲያይ ጥርት ያለ ነው፤ ማየት ያለበት ግን ወንዙ የሚመጣበትን ደጋ ነው። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መሸከም ከጀመረ፣ ድምፁ ከጨመረ አይገባም። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያነሳ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይገፋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ደራሽ የሞላው ወንዝ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላልና፣ መጠበቅ ከሁሉ የረከሰ መሻገሪያ ነው።

«ባለፈው ዓመት አልፌበታለሁ» የሚል ማስረጃም አያስተማምንም። በዚህ አካባቢና በሞጣ መካከል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ ከተሰበረ በኋላ ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ እየተንጠለጠለ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. በብረት ተጠግኖ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በኋላ ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስለ ድልድይ የሚጠየቀው ትናንት የተሻገረበት ሰው ነው።

ዝናብ የጠገበ የመንገድ ዳር ደግሞ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥር ይከዳል። የሚመጣን መኪና ለማሳለፍ ሲባል ወደ ገደሉ ጠርዝ መጠጋት አይገባም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቀድሞ መቆም ይሻላል። በጠባብ ዳገት ላይ የሚወርደው ለሚወጣው ቢቆምለት ሁለቱም ይቀላቸዋል፤ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መነሳቱ ይከብደዋልና። ጭጋግ ሲወርድ አጭር መብራት ይበራል፤ ረጅሙ ጭጋጉን ነጭ ግድግዳ አድርጎ ይመልሳል። ጭጋግ ውስጥ ከብትና እግረኛ የሚታየው በጣም ቀርቦ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ ከነአህያው የገበያተኛ ነው።

ስንቅና ልብስ

ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ ወደ ጋይንት ቤተልሔም በእግራቸው ይመጡ የነበሩ የቆሎ ተማሪዎች የሚይዙት ትንሽ ነበር፤ ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ በትር፣ ውኃ የሚይዝ ቅል። እያንዳንዱ ግን ሥራ ነበረው። ደበሎው ለብርድ፣ በትሩ ለውሻና ለወንዝ፣ አኮፋዳው ለምግብ። የመኪና ስንቅም በዚሁ ሒሳብ ይመዘናል፤ ብዛቱን ሳይሆን አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ቢታደር ምን ያስፈልጋል የሚለውን ያስቡ።

ለአንድ ሰው አራት ሊትር ያህል ውኃ፣ ሳይበስል የሚበላ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይያዝ። ከኅዳር እስከ ጥር የጋይንት ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን በዚህ መንገድ የሚያልፈውም በዚሁ ብርድ ነው። ሞተር አስነስቶ መስኮት ዘግቶ ማሞቅ ግን ጭሱ ውስጥ ከገባ በእንቅልፍ ይገድላል። ወደ ስማዳና ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ሰው በተቃራኒው አጎበር ይዞ ይውረድ፤ ወባ አለ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ከቆላ በአንድ ቀን ወደ ደጋው ከመውጣታቸው በፊት ሐኪም ቢጠይቁ መልካም ነው። የሚዋጥ መድኃኒት ካለ ለሦስት ቀን ትርፍ ይያዝ።

ለመኪናው ደግሞ ነፋሱ የተለካ ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት ታኮ፣ ጠንካራ ገመድ፣ አካፋ፣ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ያስፈልጋል። ክሪኩን ከመነሻው በፊት አንድ ጊዜ ሠርተው ይዩት። ጭቃ ላይ ክሪክ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚገባ ሰፊ ጣውላ ቢጨመር የተሟላ ይሆናል።

ወሬ መጠየቅ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት ሊዘጋ፣ ስልክም ሊቋረጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመጀመሪያው የደኅንነት መሣሪያ ወሬ ነው። ወሬውም የሚገኘው መነኸሪያ ላይ፣ ከሚሄዱበት አቅጣጫ በዚያው ቀን ከመጣ ሹፌር ነው። አንዱ የነገረዎትን ሌላው ካላጸናው መንገድ አይውጡ። የተቀባይዎን ወሬ ብቻ አይመኑ፤ የሚናፍቅ ዘመድ «ሰላም ነው፣ ና» ይላልና።

ከመነሳትዎ በፊት ለአንድ ሰው መንገድዎን፣ የመኪናውን ሰሌዳና ከየት ከተማ እንደሚደውሉ ይንገሩ። ኔትወርክ ከጠፋ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ማንን እንደሚጠይቅም ይስማሙ። በኬላ ላይ ፍጥነት ቀንሶ፣ የውስጥ መብራት አብርቶ፣ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ በእጅ ይዞ መቅረብ ነው፤ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ለራስም ለተሳፋሪም አደጋ ነው። በሌሊት አለመጓዝ ድሮም ለመንገዱ ሲባል የሚመከር ነበር፤ ዛሬ ሁለት ምክንያት አለው።

አደጋ ከደረሰ

መጀመሪያ ሁለተኛ አደጋ ይከልከሉ። አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች ከኩርባው በፊት ሄዶ መኪና ያስቁም። ሞተር ይጥፋ፣ ጎማው በታኮ ይያዝ። ደም የሚፈሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ደሙ እስኪቆም እጅ አለማንሳት ነው። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ ሰው እሳት ወይም ገደል ካላስገደደ በስተቀር አይጎተትም። ራሱን ስቶ የሚተነፍሰው በጎኑ ይተኛል፤ ውኃም አይሰጠውም። ብዙ ሰው ለመርዳት የሚሮጠው ተጎጂውን ፒክአፕ ላይ ለመወርወር ነው፤ ከአምስት ሰው ጋር እንደ አንድ ሆኖ ማንሳት ከመፍጠን ይልቅ ያድናል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ የሚያልፉበትን ወረዳ ጤና ጣቢያ ስልክም ቀድመው ይጻፉ፤ ቅርቡ እሱ ነውና። ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል አላቸው፤ ከባዱ ጉዳት ደብረ ታቦር ይላካል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና ወጪ እንዲሸፈን ስለደነገገ፣ ገንዘብ አልያዝንም ብሎ ተጎጂን መንገድ ላይ ማቆየት አይገባም።

መሪ ያልጨበጠው ተጓዥ

ይህን ምዕራፍ የሚያነበው ሰው ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪም ሥልጣን አለው። ከመሳፈሩ በፊት ጎማውን ማየት፣ ክሩ ያለቀውን መተው፣ ከመቀመጫው በላይ ሰው በጫነና ጣሪያው ላይ ኩንታል በቆለለ መኪና አለመውጣት ይችላል። ከፍታ የጨመረ ጭነት ኩርባ ላይ መኪናውን ይጥለዋል። አይሱዙ ላይ ከእህል ጋር ተጭኖ ቁልቁለት መውረድም ፍሬኑ ሲጠፋ ሰውን ከጭነቱ ሥር ይቀብረዋል። ቀበቶ ካለ ማሰር፣ ሕፃን ከፊት አለማስቀመጥ ነው።

መናገር ደግሞ ዘዴ አለው። ኩርባ መሃል ላይ የሚጮህ ተሳፋሪ ሹፌሩን ያስደነግጠዋል። ለረዳቱ ቀድሞ መንገር፣ ካልሆነም በዕድሜ ጠና ያለ ሰው «ወንድሜ፣ አደራህን፣ ማርሽ ቀንስልን» ቢል ይሰማል። አንዱ ከተናገረ ሌሎቹ ዝም አይበሉ፤ ብቻውን የቀረ ሰው ፈሪ ይባላል፣ አሥር ሰው ከተናገረ ግን ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሹፌሩ ደክሞት እንደሆነ፣ ዐይኑ እየተጨፈነ እንደሆነ ቢታይ ቡና እንዲጠጣና እንዲያርፍ መጠየቅም ነውር አይደለም። ይህ ሁሉ መባል ያለበት መኪናው ገና ቁልቁለቱ አናት ላይ ሳለ ነው፤ ከዚያ በታች የተሳፋሪውም የሹፌሩም ምርጫ በየሜትሩ ይቀንሳል።